የውሃልክ እጅ

ውሃልክ የሚለውን ስም ያወጣላት ባሏ ነው። ግንበኛ ነው። ገና ሳይተዋወቁ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ ገበያ ውስጥ ከደረደረቻቸው ማሰሮዎች ፊት ቆመና፣ ለነገር ፈልጎ ይሁን ለሌላ እሱ ያውቃል፣ ከቦርሳው ውሃ ልኩን አውጥቶ የአንዱ ማሰሮ አፍ ላይ አጋደመው። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ሄዳ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ሌላው ላይ አስቀመጠ፤ አሁንም መሃል። ሦስተኛውን ሊሞክር ሲል፣ "አንተ ሰውዬ፣ የምትገዛ ከሆነ ግዛ፤ ካልሆነ ሄደህ ግንብህን ለካ!" አለችው። እሱም ለጓደኞቹ "ውሃ ልክ አግኝቻለሁ፤ ከእንግዲህ የብረቱ ቢጠፋም አይቆጨኝ" እያለ አወራ። ስሙ ከዚያ ወዲያ ከላይዋ አልወረደም። ኋላ ኋላ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእናቷ በቀር ማንም አይገኝም ነበር፤ እናቷም ቢሆኑ "ልጄ" እንጂ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም ነበር።

እጇን ግን ያወረሷት እኒሁ እናቷ ናቸው። አሮጊቷ ምላሳቸው ቁጥብ፣ አውራ ጣታቸው የማይምር ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ልጅቷ ሠርታ የጨረሰችውን ዕቃ ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና፣ ዓይናቸው ደህና በነበረበት ጊዜም እንኳ ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን በአፉ ዙሪያ ቀስ አድርገው ያዞሩታል። ጣታቸው ዞሮ ከተነሣበት እስኪደርስ ምንም ካላገኘ ዕቃውን ይመልሱላታል። አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ግን፣ ገና ያልደረቀውን ጭቃ ጨምድደው ጨፍልቀው "ጭቃ ነበር፤ ጭቃ ይሁን" ይላሉ። አለቀ። ክርክር የለም፣ ልመና የለም። ልጅቷ ስንት ቀን እንባዋን ከጭቃው ጋር እንዳቦካች የምታውቀው ራሷ ናት። ቁጣቸው ሲበርድላቸው ታዲያ "ዓይን ያዳላል" ይሏት ነበር፤ "አውራ ጣት አያዳላም።"

ነገሩ ለወግ ብቻ አልነበረም። አንዱ ጎኑ የሳሳ፣ ሌላው ጎኑ የወፈረ ሸክላ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። አፉ የተዛነፈ ማሰሮም ሲሞላ ለአንድ ወገን እያደላ ያፈሳል። የውሃልክ ማሰሮ ግን እስከ አፉ ሞልተው ትንሽ ቢጨምሩበት ውሃው በዙሪያው ሁሉ እኩል ነው የሚወርደው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሥራ ካቆሙ በኋላም፣ በየቀኑ ከሠራችው አንዱን ወስዳ ጭናቸው ላይ ማስቀመጧን አልተወችም። አርባውን አልፋ፣ ሴት ልጅ አድርሳ፣ አሁንም የእናቷ ጣት ዞሮ እስኪጨርስ ትንፋሿን ትይዛለች። ዕቃው ምንም ሳይባል ሲመለስላት ያን ቀን ደስ ብሏት ትውላለች።

ፕላስቲክ ሲመጣ ማንንም አላስፈቀደም። መጀመሪያ ባልዲው፣ ከዚያ ጀሪካኑ፣ ከዚያ ሳህኑና ኩባያው በመርከብ እየተጫነ መጥቶ ገበያውን ሞላው። ቀላል ነው፤ ቢወድቅ ይነጥራል፤ ቀለሙም ዓይን ይስባል። በሰው ምን ይፈረዳል? ውሃልክ ራሷ ጭቃ የምታቦካበትን ውሃ የምትቀዳው በቢጫ ጀሪካን ነው። ማሰሮ የሚገዛ ሲገኝም "እባክሽ ቂጡን በሳ አድርጊልኝ፤ አበባ ልተክልበት ነው" የሚል ሆነ። እንዲህ ያለቻትን የመጀመሪያዋን ሴት ልትሰድብ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥ አድርጋ፣ ያን ዙሪያውን እንከን የማይወጣለትን ማሰሮ ገልብጣ በሚስማር በሳችላት።

ወኪሉ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ዕቃ ወደ ባህር ማዶ በሚልክ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ጫማው የተወለወለ፣ አንደበቱ የታረመ ወጣት ነው። ዱቄት የመሰለ አፈር የለበሰችውን በርጩማ ሳያራግፍ ቁጭ ማለቱን አይታ ወደደችው። ጎድጓዳ ሳህን እንደሚፈልግ፣ ብዙ እንደሚፈልግ፣ ገዢው እዚያ ማዶ እንዳለ ነገራት። ውሃልክ በሕይወቷ ያልሠራችውን ያህል ተጠንቅቃ ሠራች። አሮጊቷ ከሳህኖቹ ጥቂቱን ተቀብለው ጣታቸውን አዞሩባቸውና ሁሉንም መለሱላት። ተተኮሰ፣ በገለባ ተጠቅልሎ በሳጥን ተጫነ። አሮጊቷም በራፍ ላይ ተቀምጠው፣ ለሚያልፈው ሁሉ "የልጄ ዕቃ ባህር ሊሻገር ነው" ሲሉ ሰነበቱ።

ወኪሉ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል።

"እትዬ፣ ዕቃው አልተወደደም።"

"ተሰበረ እንዴ?"

"ኧረ አንድም አልተሰበረ።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

ወኪሉ አንገቱን አከከ። "በጣም እኩል ነው አሉ። ማሽን የሠራው ይመስላል አሉ። እነሱ የሚገዙት የሰው እጅ የሠራውን ነው።"

"ይሄንንስ በምኔ ሠራሁት? በእግሬ?"

"እኔማ አውቃለሁ እትዬ። እነሱ ግን በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ።" ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። ሳህን ነው። አፉ በስተግራ በኩል ወረድ ብሏል፤ የወረደበት ቦታ ላይ አውራ ጣት የጎደጎደው ምልክት አለ፤ ሆዱ ወደ አንድ ጎን ተነፍቷል።

ውሃልክ ስልኩን አቅርባ አየችው። "ይሄማ የተበላሸ ነው። የየትኛዋ ጀማሪ ነው?"

"ናሙና ነው። እዚያው ያለ ባለሙያ ሠርቶ የላከው ነው። 'የሰው እጅ የነካው ዕቃ ይህን መምሰል አለበት' ብለዋል።"

"የእኛን እጅ እነሱ ሠርተው ላኩልን በለኛ!" አለችና ሳቀች። ወኪሉም አብሯት ሳቀ። የሚያስቅ ነበር'ኮ በእውነት። ባሏም ሲሰማ "ጠማማ ግንብ ሥራልኝ ብሎ የሚከፍለኝ ቢመጣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጀምር ነበር፤ ምን ቸገረሽ ታዲያ? ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ አድርጊና ስጪያቸው" አላት። ልጇ ትምህርት ቤት ናት፤ ባል ሥራ የሚያገኘው አንድ ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት እየተቀመጠ ነው። ውሃልክ እሺ አለች።

የመጀመሪያዎቹን ሳህኖች እንደመጣላት አጣመመቻቸው፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ከሆዱ። ወኪሉ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ። "ጠማማነታቸው ይለያያል እትዬ። ሁሉም እንደ ናሙናው መሆን አለበት። በስተግራ፣ አንድ ጣት ያህል ወረድ ብሎ። ሱቅ ውስጥ ሲደረደር እኩል ካልሆነ አይቀበሉንም።"

"ማለት፣ እኩል አድርጌ ላጣምመው?"

"አዎ። እኩል አድርገው ያጣምሙት።"

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቀጥ ያለ ነገር መሥራት የተማረች እጅ ጠማማውን በትእዛዝ፣ ያውም አንድ ዓይነት አድርጎ ለመሥራት ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ሳህኑን አዙራ አዙራ፣ የመጨረሻዋ ዙር ላይ የግራ አውራ ጣቷን ጫን፣ ከዚያ ወደ ውጭ ሳብ። መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ለጣቷ መንገር ነበረባት፤ "አሁን" ትለዋለች፣ እንደ እልኸኛ ልጅ እየተቆጣችው። በኋላ መንገር አላስፈለገም። መቼም ውሃልክ ናት፤ ጠማማውንም ልክ አስገባችው። አንዱን ሳህን ከአንዱ ላይ ደርድሮ ሲያይ ወኪሉ በደስታ እጇን ጨበጣት። ጭቃው እጁን ሲያቆሽሸው እንኳ ግድ አልሰጠውም።

ለእናቷ አልነገረቻቸውም። በመጀመሪያው ወቅት፣ ከጠማማዎቹ ሌላ አንድ ደህና ሳህን ለብቻው እየሠራች ጭናቸው ላይ ታስቀምጣለች። አሮጊቷ ጣታቸውን ያዞራሉ፣ ይመልሳሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ውሃልክ እዚያ ቆማ ያቺን አንዷን ሳህን ስትቀበል ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች፤ ዓይነ ስውር ፊት ቆሞ ዓይንን መሸሸግ ምን ይባላል? ትእዛዙ ሲበዛ ደግሞ ለአንዷም ጊዜ ጠፋ።

"ዛሬ አላመጣሽልኝም?" ይላሉ እናቷ።

"መኪናው ቶሎ ጭኖ ሄደ እማዬ።"

"እሰይ! ተፈልጎ ነዋ።"

ሁለተኛው ዓመት ላይ ወኪሉ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። ውሃልክ የምትሠራው ባሏ የተወውን፣ ጀርባው ላይ የማታነበው የውጭ ጽሑፍ ያለበትን የስፖርት ጃኬት ለብሳ ነው። አውልቂው አሏት። ቀለም የሌለው ጨርቅ ሰጥተው እንድታጣፋው አደረጉ። የላስቲክ ጫማዋንም አወለቀች። ጀሪካኑንና ባልዲውን ከኋላዋ አነሡ፤ የቤቱን ቆርቆሮ በምንጣፍ ሸፈኑት። ፎቶ አንሺው "ወደ ሩቅ ይመልከቱ" ሲላት ሩቅ ያለው የጎረቤት ሽንት ቤት ነበር፤ እሱኑ አየች። ከወራት በኋላ ወኪሉ ከእያንዳንዱ ሳህን ጋር የሚታሰረውን ካርድ አመጣላት። ፎቶዋ አለበት። አምሮባታል፤ እሷ ግን አትመስልም።

"ምን ይላል?" አለችው።

ወኪሉ እያነበበ ተረጎመላት። "ይህች ሴት ከእናቶቿ የተማረችውን ጥበብ ምንም ሳትለውጥ ይዛ ቆይታለች። ዘንበል ያለው የሳህኑ አፍ እናት ለልጅ ስታወርሰው የኖረ የእጃቸው ፊርማ ነው።"

ውሃልክ ለጊዜው የሰማችውን አላመነችም። "ድገመው" አለች። ደገመው።

"እናቴ ጠማማ ሠርታ አታውቅም።"

"አውቃለሁ እትዬ፤ ግን—"

"ግን የለውም። እናቴ አንዲት ጠማማ ዕቃ ከእጇ አውጥታ አታውቅም። እኔን በጭቃ ያስለቀሰችኝ ስለዚህ ነው። ይሄን አጥፉልኝ።"

"ታትሞ አልቋል'ኮ። ደግሞስ እዚያ ማን ያውቃል? ማን ይጠይቃል?"

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ! እኔስ ሰው አይደለሁም?"

ወኪሉ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ፊቱ ቀልቷል። ዕቃውን የሚሸጠው ታሪኩ እንደሆነ፣ እሱም የታዘዘ ሰው እንደሆነ፣ በዚህ ካርድ ምክንያት ትእዛዙ በእጥፍ እንደጨመረ እያስረዳት ወጣ። ውሃልክ ካርዱን እሳት ውስጥ ከተተችው። እናቷ ከውስጥ ሆነው "ምንድን ነው የምትጯጯሁት?" ሲሉ "ምንም አይደለም እማዬ፤ ዋጋ ነው" አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። አፍ አይነቅዝ ይሆናል፤ ሆድን ግን ያነቅዛል።

ልጇም ትምህርቷን ስትጨርስ ሥራ አጥታ አብራት ተቀመጠች። ውሃልክ መጀመሪያ ቀጥ ያለውን ልታስተምራት ሞከረች። ልጅቷ ግን "ይሄንን'ኮ አይገዙትም፤ ለምን ጊዜያችንን እንጨርሳለን?" አለችና በቀጥታ ናሙናውን ያዘች። በአጭር ጊዜ ለመደችው። ከአያቷ ጣት በታች አንድም ቀን ሳታልፍ ሸክላ ሠሪ ሆነች።

አሮጊቷ የወደቁት በክረምት ነው። መጀመሪያ እግራቸው ከዳቸው፤ ከዚያ ምግብ ጠላቸው። አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉላቸው። አንድ ቀን ውሃ ሲጠጡ፣ ወጣት ሳሉ ለራሳቸው ሠርተው ሲጠጡበት የኖሩት ኩባያ ከእጃቸው አመለጠና ወለሉ ላይ ደቀቀ። አሮጊቷ ድምፁን ሰምተው ብዙም አላዘኑም።

"ዕድሜውን ጠግቧል" አሉ። "አንድ ትንሽ ኩባያ ሥሪልኝ። ከባድ አይሁን፣ እጄ አይችልም። ያንቺን ነው የምፈልገው፤ ሁልጊዜ ለሰው ነው የምትሠሪው፣ ከመሞቴ በፊት ባንቺ ዕቃ ልጠጣ።"

"እሺ እማዬ" አለች ውሃልክ። ምን ትበል? ኩባያ ነው። በልጅነቷ ለጨዋታ ትሠራው የነበረ ነገር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ደህናውን ጭቃ መርጣ፣ አበጥራ፣ አሽታ ተቀመጠች። የሳህኖቹን ትእዛዝ ለልጇ ተወችላት። ሰባራ ገል ላይ አስቀምጣ እያዞረች አነሣችው፤ ቀጥ ብሎ ተነሣ፤ ግድግዳው ሳሳ፣ ወገቡ ሸንቀጥ አለ። የመጨረሻዋን ዙር ስታዞር የግራ አውራ ጣቷ ጫን፣ ከዚያ ሳብ አደረገ። ኩባያው በስተግራ ወረደ። ውሃልክ አየችውና ፈገግ አለች፤ ሐሳቧ ሌላ ጋ ሄዶ እንደሆነ አሰበች። አፍርሳ እንደገና ጀመረች። አሁን ዓይኗን ከጣቷ ላይ አልነቀለችም። ጣቱ ሲመጣ አየችው፣ ያዘችው፣ አፉ ግን በሌላው በኩል ተነሣ፤ ግራውን ስትሸሽ ወደ ቀኝ ገፍታዋለች። ሦስተኛውን ስትሠራ አውራ ጣቷን በጨርቅ አሰረችው። ጠቋሚ ጣቷ በእሱ ፋንታ ጫን፣ ሳብ አደረገች።

ያን ቀን ሙሉ ሠራች። በማግሥቱም ሠራች። ቀስ ብላ፣ ፈጥና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በቀኝ እጇ፣ ቆማ ሞከረች። ተጠንቅቃ የሠራችው እንደ ጡብ ደንድኖ ይወጣል፤ እጇን ለቀቅ ስታደርገው ናሙናው ይመጣል። ጠማማን እንጨት እሳት ያቃናዋል ይባላል፤ እጅን ምን እንደሚያቃናው የነገራት የለም። ልጇ መጥታ አንዱን አንሥታ አየችውና "ቆንጆ ነው'ኮ እማ! ምኑ ነው ያስጠላሽ?" አለች ከልቧ። ባሏም ሊያጽናናት ፈልጎ "ዋናው ውሃ መያዙ ነው" ሲል፣ ከተጋቡ ጀምሮ ጮኻበት የማታውቀው ሴት ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸችበት። ደንግጦ ወጣ። እሷም ጭቃው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ፈርታ ነበር። ሰው ቤቱ ሲዘረፍ "ኡ ኡ" ብሎ ጎረቤት ይጠራል፤ እጁን ሲዘረፍ ማንን ይጣራ? ያውም በሩን ራሱ ከፍቶ?

እናቷ በማንኪያ ውሃ እየተጎነጩ "ገና አልደረቀም?" ይላሉ።

"ገና ነው እማዬ፤ ፀሐይ የለም።"

"ተዪው፤ ሸክላ አይቸኮልበትም።" በመስኮቱ የገባው ፀሐይ እጃቸው ላይ አርፎ ነበር፤ ሙቀቱ ተሰምቷቸው ይሆናል። 

መጨረሻ ላይ ከሁሉ የተሻለውን መረጠች። ላየው ሰው ምንም የለበትም፤ እንዲያውም ያምራል። ተኩሳ፣ አቀዝቅዛ፣ አጥባ ወሰደችላቸው። አሮጊቷ ተደግፈው ቀና አሉ። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስደገፉት፤ የማያየውን ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው መዞር ጀመረ። ውሃልክ ትንፋሿን ያዘች። ጣቱ በስተግራ ሲደርስ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና መጣ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

"ይሄ ያንቺ አይደለም" አሉ።

ውሃልክ ኩባያውን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ አሮጊቷ ግን አልሰጧትም።

"የማን ነው?"

"ከገበያ ነው እማዬ።"

"ለምን ከገበያ? ያንቺን አይደል ያልኩሽ? እሺ ብለሽኝም አልነበር?" አሮጊቷ ኩባያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና በጨለማቸው ውስጥ ሆነው ወደሷ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ምን ሆነ?"

እውነቱን ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ግን ከየት ይጀመራል? ከናሙናው ነው? ከካርዱ? እኚህ ሴት በራፍ ላይ ተቀምጠው "የልጄ ዕቃ ባህር ተሻገረ" እያሉ ዓመታት ኮርተዋል። ባህር የተሻገረውን ቢያውቁት፣ ያውም በሳቸው ስም እንደተሻገረ ቢያውቁ፣ ያንኑ ቀን ይሞታሉ።

"አሞኛል እማዬ" አለች።

"የቱ ጋ?"

"አውራ ጣቴን።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆየ።"

"ቆየና ዝም አልሽኝ! ብታመምም፣ ብታወርም እናትሽ ነኝ'ኮ!" ተቆጡ። ለወራት እንዲህ ያለ ድምፅ አልወጣቸውም ነበር። "ነይ፣ ስጪኝ ወዲህ። ዘይት አምጪ።"

ውሃልክ ዘይት አምጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አሮጊቷ የግራ እጇን ተቀብለው አውራ ጣቱን ከሥሩ እስከ ጫፉ ያሹት ጀመር። ጅማቱን ይከተላሉ፣ አጥንቱን ይዳስሳሉ፣ እብጠት ይፈልጋሉ። ምንም የታመመ ነገር የለም። ግን አይተዉም። "እዚህ ጋ ነው?" ይላሉ። "አዎ" ትላለች። "እዚህስ?" "እዚህም።" ውሃልክ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን አታሰማም። አሮጊቷ የእጇን መንቀጥቀጥ ሕመሙ መስሏቸው "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያሉ ይበልጥ ያሹታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሥራቸው ይኸው ሆነ። ምግብ እምቢ ያሉት ሴት ዘይቱን አይረሱም። ጉልበት የተባለ ነገር ተሟጦባቸው፣ የቀረቻቸውን ጭላጭ በልጃቸው አውራ ጣት ላይ ጨረሷት። "ሞቅ አለው አይደል?" ሲሏት "አዎ፣ እየተሻለኝ ነው" ትላቸዋለች። ትእዛዙ ግን ቀን አለው፤ መኪናው ይመጣል። ጠዋት እናቷ ያሹት ጣት ከሰዓት በኋላ፣ ዘይቱ ሳይደርቅለት፣ ሳህን ላይ ጫን፣ ሳብ ይላል። ውሃልክ የዚያን ሰሞን ሳህኖች መልሳ አላየቻቸውም። ልጇ ናት የደረደረቻቸው።

ጎረቤት ሊጠይቃቸው ሲመጣ አሮጊቷ ስለራሳቸው ማውራት አይፈልጉም። "እኔስ ጨርሻለሁ፤ እኔን ተዉኝ" ይላሉ። "ለልጄ እጅ ጸልዩላት። እንደሷ ያለ እጅ በዚህ ሰፈር አልነበረም፤ አሁን ታሞባታል። ኩባያ እንኳ መሥራት አቅቷት ከገበያ ገዝታ መጣች፣ ምስኪን።" ጎረቤቶቹ ወደ ውሃልክ ዞረው ያያሉ። እሷም እጇን በቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ትደብቀዋለች።

የሞቱት እጇን ይዘው ነው። ማሸት ጀምረው ነበር፤ ቀስ አለ፤ ቆመ። ደክሟቸው ያሸለቡ መስሏት ዝም ብላ ተቀመጠች። ባሏ ገብቶ አያቸውና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከእጇ ላይ አላቀቀላት።

ለቅሶ ቤቱ ሞላ። የሰፈሩ ሴቶች እየገቡ "እግዜር ያጽናሽ" ይሏታል፣ ይስሟታል፣ ከዚያ ደግሞ እያንዳንዷ ጎንበስ ብላ ግራ እጇን ታያለች። አሮጊቷ ያልነገሯት ሴት አልነበረችም። አንዷ ቅባት ይዛ መጥታለች፤ አንዷ ጥሩ ወጌሻ አውቃለሁ ትላለች። የቀብሩ ቀን ያለቀሰችው ለእናቷ ነበር፤ እዚህ ግን ሴቶቹ እጇን በየተራ ሲዳብሱላት ለቅሶዋ ሌላ ሆነ፤ እነሱም አብረዋት አለቀሱ፣ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ።

አንዲት አሮጊት፣ የእናቷ የልብ ጓደኛ የነበሩ፣ አጠገቧ ተቀምጠው "እጅሽስ ልጄ፣ ተሻለሽ?" አሏት።

"አልተሻለኝም" አለች ውሃልክ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በዚያ ቤት የተናገረችው እውነት ይህ ነበር። "የሚሻለኝም አይመስለኝ።"

ወኪሉ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ከልቡ አዝኖ ነው የመጣው። ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ሰው መሃል ቀስ ብሎ አልፎ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"እትዬ፣ እጅዎን አሞዎታል እንዴ? ለምን አልነገሩኝም? በአዲሱ ትእዛዝ ላይ ፈርሜያለሁ'ኮ፤ አሁን ምን ልናደርግ ነው?"

ውሃልክ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችውም። ዓይኑ ውስጥ ያለው ፍርሃት የእውነት ነበር፤ እሱም በላዩ አለቃ አለበት። የግራ እጇን ከቀሚሷ እጥፋት አውጥታ አሳየችው፤ ጣቶቿን ዘረጋች፣ አጠፈች።

"አይዞህ ልጄ" አለችው። "ለናንተ ሥራ ጤነኛ ነው።"

ወኪሉ እፎይ አለና፣ ሴቶቹ ጠጋ ብለው በለቀቁለት ቦታ ላይ ተቀመጠ።